ውድ ካቴና ወይስ የሚቆይ ካቴና?

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ባለ 12 ማርሽ ኮርሳ ብስክሌት አለኝ። በዝናቡም፣ መንገድ ላይ ጨው በሚበተንበት የብርድ ወቅትም በየቀኑ እነዳታለሁ። ካቴናው በአንድ ክረምት አለቀ። አዲስ ብገጥምላት ዳገት ላይ ቆሜ ስረግጥ እየዘለለ አስቸገረኝ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሻንጣ ጭኜ ረጅም ጉዞ አስቤያለሁ። ገንዘብ ጨምሬ ከፍተኛውን ደረጃ ልግዛ?»

አትግዛ ወንድሜ። ቢያንስ ለዚህች ብስክሌት አትግዛ። ከደረጃ ወደ ደረጃ በወጣህ ቁጥር በአብዛኛው የምትገዛው ቅለትን ነው። የኋላውን የጥርስ ቁልል (በአንተዋ ላይ ተደራርበው ያሉትን 12 ጥርሳም ክቦች)፣ ካሴት የምንለውን፣ ብታይ ከላይኛው ደረጃ ላይ ትልልቆቹ ጥርሶች ከአሉሚኒየም ወይም ከታይታኒየም የተሠሩበት ብዙ ነው። ታችኛው ደረጃ ሙሉ በሙሉ ብረት ነው። ይከብዳል፣ ግን ይቆያል። ድንኳንና ልብስ ጭኖ ለሚሄድ ሰው ጥቂት መቶ ግራም ምኑ ነው?

መጀመሪያ የተበላሸብህን ነገር እንይ። ካቴና «ተለጠጠ» እንላለን እንጂ ብረቱ አይለጠጥም። ያለቀ ካቴና ፈትተህ አንዷን ፒን አውጥተህ በጥፍርህ ዳብሳት። መሃሏ ላይ ጥፍርህን የሚይዝ ጎድጓዳ ታገኛለህ። አንዷ ፒን የጎደለችው የፀጉር ውፍረት ያህል ቢሆን ነው፤ ግን ፒኖቹ ከመቶ በላይ ናቸው፣ ሲደማመር ካቴናው ይረዝማል። የረዘመ ካቴና ደግሞ የካሴቱን ጥርሶች በራሱ ልክ እየበላ ይቀርጻቸዋል። አዲሱ ካቴና ሲመጣ በዚያ በተበላው ቅርጽ ላይ አይቀመጥም። ስትረግጥ የሚዘልብህ ለዚህ ነው፤ አዲሱ ካቴና ጥፋት የለበትም።

ልኬቱ ቀላል ነው፣ ሚሊሜትር ያለው የብረት ማስመሪያ ይበቃሃል። በአዲስ ካቴና ላይ ከአንዷ ፒን መሃል እስከ ቀጣዪቱ መሃል 12.7 ሚሊሜትር ነው። ካቴናውን ወጠር አድርገህ 24 ክፍተት ቁጠር፤ 304.8 ይመጣል። ባለ 11 ወይም ባለ 12 ማርሽ ከሆነ 306.3 ላይ ሲደርስ ቀይረው። ባለ 8፣ 9 እና 10 እስከ 307 ድረስ ይታገሣል። ወደ 308 ከተጠጋ ካሴቱንም ይዞት ሄዷል ማለት ነው። እኔ በጨው ወቅት በየሁለት ሳምንቱ እለካለሁ። ካቴና የሚያልቅ ዕቃ ነው፣ እንዲያልቅም ነው የተሠራው። በጊዜ ከቀየርከው አንድ ካሴት ብዙ ካቴና ያሳልፋል።

ለጉዞው አዲስ ስለምትገጥመው ነገር። ከባዶ የምትጀምር ቢሆን ኖሮ ባለ 9 ወይም ባለ 10 ማርሽ እልህ ነበር። የባለ 8 ካቴና ውፍረት 7 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ የባለ 12 ደግሞ 5.3 ገደማ። ቀጭን ሁሉ ቶሎ ያልቃል አልልም፤ ፒኑ በደንብ የጠነከረ ባለ 12 ካቴና ከተራ ባለ 9 ሊበልጥ ይችላል። ነገር ግን ቀጭኑ ካቴና፣ ማርሽ ቀያሪው ትንሽ ሲጣመም፣ ወዲያው ያኮርፋል፤ ወፍራሙ ይችለዋል። ከዋና መንገድ ርቀህ ካቴና ቢበጠስብህም ባለ 8 ወይም ባለ 9 የማታገኝበት ሱቅ ጥቂት ነው። የብስክሌት ዕቃ ሠሪው ሺማኖ በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኪዩስ የሚባል የዕቃ ቤተሰብም አለ፤ ሊንክግላይድ የሚሉት የብረት ካሴቱ ጥርሱ ወፈር ያለ ነው፣ ኩባንያው ራሱ ሦስት እጥፍ ይቆያል ይላል። ሦስቱን እጥፍ እኔ ባልምልበትም የጥርሱን ውፍረት በዓይኔ አይቼ ወድጄዋለሁ። ችግሩ ማርሽ መቀየሪያ እጀታውና የኋላ ማርሽ ቀያሪው ከሌላው የሺማኖ ዕቃ ጋር አይዋሃዱም፤ አንዱን ከገዛህ ሁሉንም መግዛት ነው።

አንተ ግን ባለ 12ህ በእጅህ ነው። ሁሉንም አትጣል። ለእሷ የሚሆነውን ዝቅ ያለ ደረጃ፣ ሙሉ የብረት ካሴት ፈልግ፣ ካቴናውን በልክ ቀይር፣ በቃ።

ከዕቃው ደረጃ ይልቅ ልዩነት የሚያመጣው የጥርሱ መጠን ነው። ይህን ብዙ ሰው አያስተውልም። በጥርስ ቁጥር ፊት 33 ኋላ 12 እና ፊት 44 ኋላ 16 ማርሹ አንድ ነው፤ ፔዳሉን አንዴ ብታዞር ጎማው በሁለቱም 2.75 ጊዜ ይዞራል። ነገር ግን በ44ቱ ካቴናው ላይ የሚያርፈው ጉልበት በሩብ ይቀንሳል፣ ኋላ ላይም እያንዳንዱ ፒን በ30 ዲግሪ ፈንታ 22.5 ዲግሪ ብቻ ይታጠፋል። ስለዚህ ኑሮህ በትልልቆቹ ጥርሶች ላይ ይሁን። ፊት 50 ኋላ 11 በደቂቃ 80 ጊዜ ከረገጥከው በሰዓት 45 ኪሎሜትር ያስሮጥሃል፤ ሻንጣ ጭነህ የት ልትደርስ ነው? ትልቁን የፊት ጥርስ ወደ 46 ወይም 44 አውርድ። ለዳገቱ ደግሞ ፊት 30 ኋላ 34 የመሰለ፣ ከአንድ ለአንድ በታች የሚወርድ ማርሽ ይኑርህ።

ከራሴ ጥፋት አንዱን ልንገርህ። ለብርድ ብስክሌቴ ከኋላው ሞዞ (የጎማው እምብርት) ላይ ካሴቱ የሚሰካበት አካል ከአሉሚኒየም የሆነ ቀላል ሞዞ ገጠምኩ፣ በላዩም ጥርሶቹ አንድ በአንድ የተለያዩ ካሴት። በዓመቱ ልፈታው ብል እምቢ አለ። እያንዳንዱ ጥርስ አሉሚኒየሙን እንደ ቢላ ነክሶ ገብቷል። ግማሽ ቀን ስታገል ዋልኩ፣ ከወጣም በኋላ ጠርዙን በሞረድ እያስተካከልኩ አመሸሁ። አንተ ይህ አካል ከብረት የሆነ ሞዞ ፈልግ፤ ካላገኘህ ጥርሶቹ በአንድ መያዣ ላይ የተጣመሩበትን ካሴት ምረጥ።

የፔዳሉን መሃል ዘንግ የሚይዙት ኩሽኔቶች እንደ ቡሎን በጥርስ እየዞሩ የሚታሰሩ ይሁኑ እንጂ ፍሬሙ ውስጥ ተጨምቀው የሚገቡት አይሁኑ። ፍሬምህ የግድ የሚጨመቀውን ከሆነ ምርጫ የለህም፣ እሺ። በጥርስ የሚታሰረውን ስትገጥም ግራሶ ቀባ፤ በብዙ ፍሬሞች ላይ የካቴናው በኩል ያለው ጥርስ ተገላቢጦሽ መሆኑንም አትርሳ። በተለመደው አቅጣጫ ልፍታ ብሎ ፍሬሙን ያበላሸ ብዙ ነው።

አንድ ርካሽ ነገር ጨምር፦ የፊት ፓራፋንጎህ ጫፍ ላይ እስከ መሬት አንድ ጋት ያህል የሚቀር የጎማ ቁራጭ እሰር። ካቴናህን የሚበላው ጭቃና ጨው አብዛኛውን የሚረጨው ከፊት ጎማ ነው። ከነዳህ በኋላ በትንሽ ውኃ አለቅልቅ፣ በጨርቅ አድርቅ፣ በየፒኑ ጠብታ ዘይት አድርግ፣ ይደር፣ ጠዋት ውጭውን አጥብቀህ ጥረግ። በቆሸሸ ካቴና ላይ ዘይት አትጨምር። ዘይትና አሸዋ ሲቀላቀሉ ሊጥ ይሆናሉ፣ ያ ሊጥ ሞረድ ነው። ግፊት ባለው ውኃ መርጫም ኩሽኔቶቹን አትምታቸው።

አሁን ስለሚዘለው። አሮጌውን ካቴና ካልጣልከው መልሰህ ግጠመው። ከአሮጌው ካሴት ጋር ተስማምቶ አልቋል፣ አብረው ይህን ክረምት ይጨርሱ፤ ዳገት ላይ ቆመህ አትርገጥ እንጂ። መዝለል ሲጀምር ሁለቱን በአንድ ቀን አውጣና አዲሱን ካቴና ከአዲስ የብረት ካሴት ጋር አስገባ። ያኔ የፊቱንም ጥርስ ከጎን ሆነህ እየው፤ ጫፉ እንደ ሻርክ ክንፍ ወደ አንድ ወገን ከዘመመ እሱም ተራው ደርሷል።