በኃይል ለሚመታ ተጫዋች የሚበረክት የራኬት ክር
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ባድሚንተንን በሳምንት ሦስት ቀን የምጫወት ሲሆን አጨዋወቴ በአብዛኛው በስማሽ፣ ማለትም ከላይ ወደ ታች በኃይል በሚመታ ምት ላይ የተመሠረተ ነው። ራኬቴን 0.65 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ክር በ28 ፓውንድ አስወጥሬ እጠቀማለሁ፤ ይሁን እንጂ ክሩ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ይበጠስብኛል። ወፍራም ክር እንድጠቀም የመከሩኝ አሉ። ሌሎች ደግሞ በወፍራም ክር የተመታ ስማሽ ኃይል አይኖረውም ይላሉ። የሚበረክተውን ክር በምን ልለየው? ውጥረቱንስ ስንት ላድርገው?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ አዲስ ክር ከመግዛትዎ በፊት የተበጠሰው ክር የት ላይ እንደተበጠሰ ልብ ብለው ይመልከቱ። በራኬቱ መካከል፣ ሻትሉን (የባድሚንተኑን ኳስ) አዘውትረው በሚመቱበት ቦታ ላይ ከሆነ ክሩ በአገልግሎት አልቋል ማለት ነው፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ችግር የክር ምርጫ መፍትሔ ይሆናል። ከላይ በፍሬሙ ጠርዝ አጠገብ ከሆነ ግን ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ከመሃል የወጣ ምት ነው። በዚያ ቦታ ያለው ክር አጭርና የማይለጠጥ በመሆኑ የምቱን ኃይል የሚያበርድበት መንገድ የለውም፤ ወፍራሙም ቢሆን በአንድ ምት ሊበጠስ ይችላል። ሦስተኛው ቦታ ክሩ በፍሬሙ ቀዳዳ የሚያልፍበት ነው። ቀዳዳውን የሚሸፍነው ትንሹ ፕላስቲክ፣ ማለትም ግሮሜቱ፣ ከተሰነጠቀ ወይም ካለቀ የካርቦኑ ስለታም ጠርዝ ክሩን ይቆርጠዋል፤ ስለዚህ በአንድ ቀዳዳ ላይ በተደጋጋሚ የሚበጠስ ከሆነ መቀየር ያለበት ግሮሜቱ እንጂ ክሩ አይደለም። ግሮሜት ርካሽ ነገር ነው፤ ሆኖም ክሩን የሚወጥረው ባለሙያ፣ ማለትም ወጣሪው፣ ካላስታወሰው በቀር አብዛኛው ተጫዋች ልብ አይለውም።

ከዚህ በኋላ የምንለው ሁሉ ክሩ መሃል ላይ ለሚበጠስበት ሰው ነው፤ ከጥያቄዎ እንደምንረዳው እርስዎም ከእነዚህ ሳይሆኑ አይቀሩም። በባድሚንተን ሕግ መሠረት ሻትል የሚመዝነው ከ4.74 እስከ 5.50 ግራም ብቻ በመሆኑ መሃል ላይ ያለውን ክር የሚጨርሰው የሻትሉ ክብደት አይደለም፤ ክር ከክር ጋር መፋተጉ ነው። ሻትሉ ባረፈ ቁጥር ቁመታዊዎቹ ክሮች ወደ ጎን ተገፍተው ይመለሳሉ፤ በተመላለሱ ቁጥርም አግድም ከተሸመኑት ክሮች ጋር በሚገናኙበት ነጥብ ላይ እንደ መጋዝ ይፋተጋሉ። መጀመሪያ የክሩ ልባስ ይላጣል፣ ቀጥሎ በውስጡ የታሰሩት ቀጫጭን የናይለን ጭረቶች አንድ በአንድ ይቆረጣሉ። ምቱ በበረታና ሻትሉ በሰያፍ በተመታ ቁጥር መፋተጉም ይጨምራል፤ በ28 ፓውንድ፣ ማለትም በ12.7 ኪሎ ግራም ገደማ የተወጠረ ክር ደግሞ ቀድሞውንም ወደ አቅሙ ጫፍ የተጠጋ በመሆኑ ትንሽ ሲቆረጥ ወዲያው ይበጠሳል።

የክርን ዕድሜ ከሚወስኑት ነገሮች መካከል ቀዳሚው ውፍረት ነው። በገበያ ላይ ያሉት የባድሚንተን ክሮች በአብዛኛው ከ0.61 እስከ 0.70 ሚሊ ሜትር ባለው መጠን ውስጥ ይገኛሉ። በ0.65 እና በ0.70 መካከል ያለው ልዩነት ለዓይን የማይታይ ቢመስልም የወፍራሙ ክር በአግድም ተቆርጦ ሲታይ ያለው ስፋት በ16 በመቶ ገደማ ይበልጣል፤ ከ0.61 ጋር ሲነጻጸር ደግሞ ብልጫው ከ30 በመቶ በላይ ነው። ከዮኔክስ ምርቶች መካከል 0.70 ሚሊ ሜትር የሆነው ቢጂ 65 ለረጅም ጊዜ የጥንካሬ መለኪያ ሆኖ የቆየ ክር ነው፤ በእኛ አስተያየት በእርስዎ ሁኔታ ያለ ሰው መጀመሪያ ሊሞክረው የሚገባውም እሱን ነው። ይበልጥ ጠጣር ስሜት ለሚመርጥ ተጫዋች 0.69 የሆነው ናኖጂ 95 ወይም 0.68 የሆነው ቢጂ 80 ሊስማማው ይችላል፤ ከቪክቶር ደግሞ ቪቢኤስ 70 ከቢጂ 65 ጎን የሚሰለፍ ነው። በአንጻሩ 0.65 የሆነው ቢጂ 66 አልቲማክስና 0.63 የሆነው ኤክስቦልት 63 ለፈጣን ምላሽና ለጠራ ድምፅ የተሠሩ በመሆናቸው ከእነርሱ ረጅም ዕድሜ መጠበቅ አይገባም። በማሸጊያው ላይ የሚታተሙት የጥንካሬ ነጥቦች አንድ ኩባንያ የራሱን ክሮች እርስ በርስ ለማነጻጸር የሚጠቀምባቸው ስለሆኑ የአንዱን ኩባንያ ስምንት ነጥብ ከሌላው ስምንት ነጥብ ጋር ማመሳሰል ያሳስታል።

ወፍራም ክር ኃይል ይቀንሳል የሚሉት ወዳጆችዎ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ቀጭን ክር ይበልጥ የሚለጠጥ በመሆኑ ሻትሉን ፈጥኖ ይመልሳል፤ በተመታ ጊዜ የሚያሰማው ጥርት ያለ ድምፅም ተጫዋቹን ያስደስታል። ይሁንና የስማሽ ኃይል በአመዛኙ የሚመነጨው ከትከሻው፣ ከክንዱና ከእጅ አንጓው ፍጥነት እንጂ ከክሩ አይደለም፤ ክር የሚጨምረው ኃይል በይበልጥ የሚጠቅመውም የራሱ ኃይል ለሚያንሰው ተጫዋች ነው። በኃይል የሚመታ ሰው ከቀጭን ወደ ወፍራም ክር ሲዛወር በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሰማው ለውጥ ከእውነተኛው የፍጥነት ልዩነት ይልቅ የድምፁ መደብዘዝና በእጁ ላይ የሚሰማው ስሜት መለወጥ ነው ብለን እናምናለን።

ወደ ውጥረቱ ስንመጣ 28 ፓውንድ ለእርስዎ ከፍ ያለ ይመስለናል። የላላ ክር በጥልቀት ተለጥጦ ሻትሉን ስለሚወረውር ከጠበቀው ይልቅ ኃይል ይጨምራል፤ የጠበቀው ክር የሚሰጠው ነገር ሻትሉን ባሰቡበት ቦታ የማሳረፍ ብቃት ነው፤ ያም ቢሆን ዘወትር በራኬቱ መሃል ለሚመታ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ውጥረቱን ወደ 25 ወይም 26 ፓውንድ ዝቅ ቢያደርጉ ስማሽዎ አይዳከምም፤ እንዲያውም በወፍራሙ ክር ምክንያት ያጡት ምላሽ በከፊል ይመለስልዎታል። ወፍራም ክር በተመሳሳይ ውጥረት ከቀጭኑ የበለጠ ጠጣር ስሜት ስላለው ሁለቱን ለውጦች አብሮ ማድረጉ ይመከራል። አግድም ክሮቹን ከቁመታዊዎቹ በ1 ወይም በ2 ፓውንድ ማጥበቅ የብዙ ወጣሪዎች ልማድ ነው፤ የፍሬሙን ቅርጽ ስለሚጠብቅ እርስዎም ቢጠይቁ መልካም ነው። ፍሬሙ የሚሸከመው ከፍተኛ ውጥረት በራኬቱ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ከዚያ በላይ ማስወጠር ክሩን ሳይሆን ራኬቱን ለአደጋ ያጋልጣል።

የቀጭኑን ክር ስሜት ሙሉ በሙሉ መተው ካልፈለጉ መካከለኛ መንገድ አለ። በመፋተግ ቀድመው የሚያልቁት አብዛኛውን ጊዜ ቁመታዊዎቹ ክሮች በመሆናቸው እነርሱን በ0.70፣ አግድሞቹን ደግሞ በ0.66 ወይም በ0.65 ክር ማስወጠር ይቻላል፤ ለዚህም ወጣሪው ቁመታዊውንና አግድሙን ለየብቻ በሁለት ክር፣ በአራት ቋጠሮ እንዲሠራ ይንገሩት። ዮኔክስ ኤሮባይት በሚል ስም የሚሸጠው ጥንድ ክርም ቁመታዊው 0.67፣ አግድሙ 0.61 ነው፤ ሆኖም የተሠራው ሻትልን በሰያፍ መትቶ ለማሽከርከር ስለሆነ ዕድሜ ለሚፈልግ ሰው አንመርጠውም።

ጠንካራ ክር ሳይበጠስ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ የራሱ ወጥመድ አለው። ናይለን ከተወጠረበት ሰዓት ጀምሮ ውጥረቱን እያጣ ይሄዳል፤ ስለዚህ ቢጂ 65 ለወራት ሳይበጠስ ሊቆይ ቢችልም በልቡ የሞተ ሊሆን ይችላል። ሻትሉ ወደ ኋላው መስመር ለመድረስ ከወትሮው የበለጠ ጉልበት የሚጠይቅዎ ከሆነ ወይም ክሮቹ ከተመቱ በኋላ ወደ ቦታቸው የማይመለሱ ከሆነ፣ ባይበጠስም እንኳ ይቀይሩት። ራኬቱን በፀሐይ በጋለ መኪና ውስጥ መተው ይህንን መላላት ያፋጥነዋል።

ጥያቄ፦ ከክሮቹ አንዱ ብቻ ሲበጠስ ቋጥሮ ጨዋታውን መጨረስ ይቻላል? ክሩ እስኪቀየር ድረስ ራኬቱን እንዳለ ማስቀመጡስ ጉዳት አለው?

መልስ፦ መቋጠሩ አይጠቅምም፤ ራኬቱን እንዳለ ማስቀመጡም ጉዳት አለው። አንዱ ክር ሲበጠስ በዙሪያው ያሉት ይላላሉ፣ ሌሎቹ ግን በሙሉ ውጥረታቸው ፍሬሙን መሳባቸውን ይቀጥላሉ፤ ይህ ያልተመጣጠነ ጉልበት ቀጭኑን የካርቦን ፍሬም ሊያጣምመው ወይም ሊሰነጥቀው ይችላል። ስለዚህ የተበጠሰበትን ቦታ አይተው ካረጋገጡ በኋላ፣ ከሜዳው ሳይወጡ የቀሩትን ክሮች በሙሉ በመቀስ ይቁረጡ። ሲቆርጡ ከመሃል ጀምረው አንድ ቁመታዊ፣ አንድ አግድም እያፈራረቁ ወደ ጠርዙ ይሂዱ።