በጎንደር የቅርስ ትምህርት ፈንድ ለማቋቋም ለምታስቡ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

በጎንደር የቅርስ ጥበቃ ትምህርትን የሚደግፍ የበጎ አድራጎት ፈንድ ለማቋቋም እንደምትመክሩ መስማቴ በሥነ ሕንፃ ሙያ ላረጀሁት ለእኔ ትልቅ ደስታ ነው። አንድ ነገር አጥብቄ እመክራችኋለሁ፦ የምትሰበስቡትን ገንዘብ ግንቡን ለሚጠግነው ሰው ማስተማሪያ አውሉት።

ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ፣ በድንጋይና በኖራ የታነጸ ሥራ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተደረገለት ጥገና ግን ሲሚንቶና ኮንክሪት አስገባበት። ሲሚንቶ ጠንካራ ስለሆነ የሚጠቅም ይመስላል፤ ነገር ግን ወደ ግድግዳው የገባውን እርጥበት አፍኖ ይይዛል፣ ከጊዜ በኋላም አጠገቡ ያለው ድንጋይ ይፈረፈራል። ኖራ እርጥበቱን ያስወጣል፣ ግድግዳው በጥቂቱ ሲንቀሳቀስም አብሮት ይሄዳል። ኋላ የመጡ ባለሙያዎች ያንን ሥራ በኖራ ለማረም ብዙ ደክመዋል። ገንዘብ ቀድሞም ወጥቶበት ነበር፤ የጎደለው የኖራን ጠባይ የሚያውቅ እጅ ነው።

ይህ ዕውቀት በሁለት ሳምንት ሥልጠናና በምስክር ወረቀት አይገኝም። ተለማማጁ ከነባር ግንበኛ ሥር ሆኖ ክረምቱንም በጋውንም ማሳለፍ፣ ድንጋይ መጥረብ፣ ኖራው በውሃ ተነክሮ እስኪበስል መታገሥ ይኖርበታል፤ በዚህ ጊዜ ሁሉ ደግሞ መብላትና የቤት ኪራይ መክፈል አለበት። ፈንዱ በዋነኛነት መሸፈን ያለበት ይህንን ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ያለ ፈቃድ መጠገን ስለማይቻል፣ ተማሪዎቹ የሚገነቡትና የሚያፈርሱት የመለማመጃ ግድግዳ አዘጋጁላቸው።

የገንዘቡ አያያዝ ሌላው ከባድ ጉዳይ ነው። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ንብረት ለዘለቄታውና በማይሻር ሁኔታ ለበጎ አድራጎት የሚሰጥበትን፣ ኢንዶውመንት የተባለውን አደረጃጀት ይፈቅዳል፤ ዋናው ሳይነካ ትርፉ ብቻ የሚሠራበት መንገድ በመሆኑ እኔም እመርጠዋለሁ። ሆኖም ወለድ ከዋጋ ንረት በታች ሲሆን በባንክ የተቀመጠ ብር ቁጥሩ ሳይቀንስ አቅሙ ይመነምናል፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህንን የማያውቅ የለም። ስለዚህ ኪራይ የሚያስገኝ ንብረት መያዝን አስቡበት፣ ከትርፉም የተወሰነው በየዓመቱ ወደ ዋናው እንዲመለስ በመተዳደሪያ ደንባችሁ ጻፉ። ሕጉ አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል፤ እናንተ ከዚያም በታች አድርጉት።

በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ የከተማው ተወላጆች በስሜት ተነሥተው አንድ ጊዜ ከሚልኩት ብዙ ገንዘብ ይልቅ እንደ እድር በየወሩ የሚያዋጡት ጥቂቱ ይበልጥብኛል፤ የተለማማጁ ወጪ የየወር ነውና። ለእነርሱም በኦዲተር የተመረመረ ሒሳብ ሳይጠይቁ ላኩላቸው።

በኖራ መሥራት የሚያውቁ አረጋውያን ግንበኞች ግን ምዝገባችሁ እስኪያልቅ አይጠብቁም። ዛሬውኑ በየሰፈሩ ፈልጓቸው፣ የሚያውቁትን በድምፅና በምስል ቅረጹ፤ ፈንዱ ሥራ ሲጀምርም የመጀመሪያው ክፍያ የእነርሱ የመምህርነት ደመወዝ ይሁን።