ልጆቼ፣ ቫይታሚን ኤን በልክ

ዕድሜዬን የፈጀሁት በዓይን ሕክምና ነው። እናንተ ወጣቶች ስለ ቫይታሚን ኤ ስታነሱ ጥያቄያችሁ ሁሌ ያው ነው፤ ለፀጉርና ለቆዳ የሚሆነው የትኛው ክኒን ነው? ክኒኑን ለጊዜው እንተወውና ቫይታሚኑ ራሱ ምን እንደሚሠራ ላውራችሁ።

ከዓይናችን በስተኋላ ባለው ስስ ሽፋን፣ ሬቲና በሚባለው ላይ፣ በደብዛዛ ብርሃን እንድናይ የሚረዱን ሕዋሳት አሉ። ብርሃኑን የሚቀበሉት ሮዶፕሲን በሚባል ንጥረ ነገር ነው። ሮዶፕሲን ደግሞ ያለ ቫይታሚን ኤ አይሠራም። ለዚህ ነው እጥረት ሲኖር መጀመሪያ ዳፍንት የሚመጣው። ቀን ደህና የሚያየው ልጅ ሲመሽ ዕቃ እያደናቀፈው ይሄዳል። ቤተሰቡ ዝንጉ ነው እያለ ይቆጣዋል። ሳይታከም ከቆየ ዓይኑ ይደርቃል፤ ቀጥሎ ኮርኒያው፣ ማለትም ከዓይኑ ፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን፣ ይቆስላል። ዳፍንቱ በሕክምና ቶሎ ይድናል። ኮርኒያው ከተበላሸ ግን ማየት ላይመለስ ይችላል።

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ከዓይን ውጭ ያለው ነው። አልፍሬድ ሶመር የተባለ የዓይን ሐኪም ኢንዶኔዥያ ውስጥ ሕፃናትን ሲከታተል፣ ቀላል የዓይን ምልክት ያለባቸው ልጆች ከሌሎቹ የበለጠ እንደሚሞቱ አየ። ዳፍንት ሰው አይገድልም። ታዲያ ምን ገደላቸው? ቫይታሚን ኤ የአንጀትንና የመተንፈሻ አካላትን ሽፋን ይጠብቃል፣ የሰውነትን መከላከያም ያግዛል። ሲጎድል ተቅማጥና ኩፍኝ ልጁን በቀላሉ ይጥሉታል። እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣው የሶመርና የባልደረቦቹ ጥናት፣ ቫይታሚኑ በተሰጠባቸው መንደሮች የሕፃናት ሞት በአንድ ሦስተኛ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። ዛሬ እጥረቱ በሚበዛባቸው አገሮች ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ልጆች በየጊዜው የሚሰጠው ለዚህ ነው።

ምግቡ ላይ ብዙ አልቆይም። ጉበት፣ የእንቁላል አስኳልና ወተት ቫይታሚኑን በቀጥታ ይሰጣሉ። ካሮት፣ ማንጎና ጥቁር አረንጓዴ ቅጠሎች ደግሞ ቤታ ካሮቲን አላቸው፤ ሰውነት እሱን በሚፈልገው ልክ ወደ ቫይታሚን ኤ ይለውጠዋል። ትንሽ ዘይት ይኑርበት፣ ያለ ስብ በደንብ አይመጠጥም። ካሮት ያበዛ ሰው መዳፉ ቢጫ ቢሆን አትደንግጡ፣ ጉዳት የለውም። (የዓይን ነጩ ቢጫ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።)

አሁን ወደ ክኒኑ። ቫይታሚን ኤ እንደ ቫይታሚን ሲ በሽንት ተጠርጎ አይወጣም። ጉበት ውስጥ ይጠራቀማል። ለአዋቂ ሴት በቀን 700፣ ለወንድ 900 ማይክሮግራም ይበቃል። በክኒንና ከእንስሳት ምግብ የሚገኘው ተደምሮ ከ3000 ባይበልጥ ይመረጣል። ለወራት ሲበዛ ራስ ያሳምማል፣ ቆዳ ያደርቃል፣ ጉበት ይጎዳል። ፀጉርም ያረግፋል! ለፀጉር ብሎ የገዛው ሰው በገንዘቡ መላጣነት ሸመተ ማለት ነው።

ሴት ልጆቼ ይህን በተለይ ስሙኝ። በእርግዝና ጊዜ የበዛ ቫይታሚን ኤ ፅንስ ላይ የአፈጣጠር ጉድለት ያስከትላል። ለከባድ ብጉር የሚታዘዘው አይሶትሬቲኖይንም የዚሁ ዘመድ ነው፤ ከጓደኛ ተቀብሎ የሚዋጥ መድኃኒት አይደለም። አጫሾችም ቤታ ካሮቲንን በክኒን አትውሰዱ። ፊንላንድ ውስጥ በአጫሾች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1994 ውጤቱ የወጣ ትልቅ ጥናት፣ የሳንባ ካንሰርን ይቀንሳል ተብሎ ተጀምሮ፣ ጨምሮት ተገኝቷል።

ቤታችሁ ያሉትን ብልቃጦች አውጥታችሁ ጀርባቸውን አንብቡ። ሬቲኖል ወይም ሬቲኒል ፓልሚቴት የሚል ካለ ቫይታሚን ኤ ነውና ደምሩት። ሲመሽ ማየት ያስቸገራችሁ ደግሞ ክኒን ከመግዛታችሁ በፊት ዓይናችሁን ታዩ፤ መነጽር ብቻ የሚያስፈልጋችሁ ልትሆኑ ትችላላችሁ።