«ሮቦቱ ቢመጣ ይቀራል?» ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ ልጆች

ከእናንተ አንዷ፣ እዚሁ ቡራዩ ያደገች የሕክምና ተማሪ፣ «ወፍራም በሽተኛ ኩላሊት አይተከልልህም የሚባለው ሮቦት ስለሌለ ነው? ሮቦቱ ቢመጣ ይቀራል?» ብላ ጠየቀችኝ። ሮቦት ያለችው የቀዶ ሕክምናውን ማሽን ነው። በሁለት ቃል መመለስ ይቻል ነበር። ጥያቄው ግን አንድ ካርድ ላይ የሰፈረ ቁጥር አስታወሰኝና ነገሩ ረዘመ።

ካርዱ የአንዲት ሴት ነው። «ክብደት 98፣ ቁመት 1.65» ይላል። ሲሰላ ቢኤምአይዋ፣ ማለትም ኪሎው ለቁመቷ ካሬ ሲካፈል፣ 36 ይመጣል። የተላከችበት ቦታ የሚቀበለው እስከ 35 ነበርና ከታች «ክብደት ቀንሳ ትመለስ» ተብሎ ተጽፏል። ሴትየዋ በሳምንት ሦስት ቀን ከቡራዩ ተነስታ በአስኮ በኩል ለኩላሊት እጥበት የምትመላለስ ናት። የተመዘነችው እጥበቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ያውም ጋቢዋን ለብሳ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ። ከእጥበት በኋላ፣ ያለ ጋቢና ያለ ጫማ፣ 94 ኪሎ ነበረች። 94 ኪሎ በዚያ ቁመት 34.5 ነው። ውሃና ልብስ ናቸው ከመስመሩ ያወጧት።

የበለጠ የሚያንገበግበው ከዚያ ወዲያ የሆነው ነው። ታናሽ ወንድሟ ኩላሊቱን ሊሰጣት ቆርጦ ነበር፤ ምርመራውን ጨርሷል፣ የደም ዓይነቱም ገጥሟል። እሷ «እቀንሳለሁ» ብላ እህል ተወች። እጥበት ላይ ያለ ሰው ምግብ ሲተው መጀመሪያ የሚሄደው ጡንቻው ነው፤ ክንዷ ሰለለ፣ ቦርጯ እንዳለ ቀረ። ስትደክም በላች፣ ኪሎው ተመለሰ። እንዲህ ሲባል ወንድምየው ደም ግፊት ያዘውና ከለጋሽነት ተሰረዘ። በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ በመስከረም 2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሲጀመር የተመሠረተው በሕይወት ባለ የሥጋ ዘመድ ላይ ነው፤ ለጋሹ ደግሞ ያረጃል፣ ይታመማል፣ ያገባል፣ ሐሳቡን ይቀይራል። «ቀንሰሽ ተመለሺ» የሚል ሰው በማን ጊዜ ላይ እንደሚፈርድ ቢያስብ እላለሁ። እንዴት እንደምትቀንስ የነገራት የለም፤ የሥነ ምግብ ባለሙያ ጋ አልተላከችም፣ የቀጠሮ ቀንም አልተጻፈላትም።

አሁን ወደ ሮቦቱ። ሐኪሞች ውፍረትን የሚፈሩበት ዋናው ምክንያት ቁስሉ ነው። በተለመደው ቀዶ ሕክምና አዲሱ ኩላሊት የሚቀመጠው እንደ ተፈጥሮው ጀርባ በኩል ሳይሆን ከብሽሽት ከፍ ብሎ፣ በዳሌ አጥንት ጉድጓድ ውስጥ ነው። ቆዳው 20 ሴንቲሜትር ገደማ ይቀደዳል፤ የሆድ ዕቃ ሽፋኑ፣ ማለትም ፔሪቶኒየሙ፣ ሳይከፈት ወደ ጎን ይገፋል፤ ኩላሊቱ ወደ እግር በሚወርዱት ትልልቅ የደም ቧንቧዎች ላይ ይሰፋል። ቀጭን ሰው ላይ ቧንቧዎቹ ቅርብ ናቸው። ቦርጭ ያለው ሰው ላይ የምትሰፉት ጥልቅ ጉድጓድ ሥር ነው፤ ጉድጓዱን ከፍቶ የሚይዘው ብረት ስቡን ለረጅም ሰዓት ስለሚጫነው ስቡ ይሞታል፤ ድሮም ስብ ደም በደንብ አያገኝም። ስፌቱ ደግሞ የሚያርፈው ቦርጩ ታጥፎ በሚያልብበት ቦታ ነው። በዚያ ላይ በሽተኛው ሰውነቱ አዲሱን ኩላሊት እንዳያጠቃ ስቴሮይድና ማይኮፌኖሌት የሚባሉ መድኃኒቶች ይወስዳል፣ ቁስሉ በቶሎ አይጠግግም። መግል ሲቋጥር አዲሱ ኩላሊት ከሥሩ ነው ያለው። ኢንፌክሽኑን ለማሸነፍ መድኃኒቱን ስትቀንሱ ሰውነቱ ኩላሊቱን ማጥቃት ይጀምራል።

የቺካጎው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች፣ ጁሊያኖቲና ባልደረቦቹ፣ በፈረንጆች 2009 የጀመሩት ነገር ፍሬው ቁስሉን ከዚያ ቦታ ማንሳታቸው ነው። ኩላሊቱ የሚገባው ከእምብርት በላይ፣ መሐል ለመሐል በተከፈተ 7 ሴንቲሜትር ያህል ቀዳዳ ነው። ስቡ እዚያ ሳሳ ይላል፣ ቦታውም ደረቅ ነው። የሮቦቱ ክንዶች በ8 ሚሊሜትር ቀዳዳዎች ይገባሉ፤ ሐኪሙ ራቅ ብሎ ተቀምጦ ያንቀሳቅሳቸዋል። በ2013 ባሳተሙት ጥናት በሮቦት የተሠሩ 28 ሰዎችን በተለመደው መንገድ ከተሠሩ 28 ሰዎች ጋር አነጻጸሩ። በተለመደው መንገድ ከተሠሩት የ8ቱ ቁስል ተበላሽቷል፤ በሮቦቱ በኩል ከአንድ ሰው አልበለጠም፤ በሮቦት የተሠሩት አማካይ ቢኤምአይ ከ42 በላይ ሆኖ ሳለ። በዕጣ የተከፋፈሉ ሰዎች ስላልነበሩ ቁጥሩን እንደ መጨረሻ ፍርድ አትያዙት።

የዛሬ ልጆች ፈጣኖች ናችሁ፤ የዳ ቪንቺን፣ የዚህን ሮቦት፣ ቪዲዮ በስልካችሁ በእጥፍ ፍጥነት ታያላችሁ። ቪዲዮው የሚያሳየው ግን መርፌውን ነው። አልጋው ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ወደ ራስጌ ተዘቅዝቆ፣ ሆዱ ከ12 እስከ 15 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ግፊት ባለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተነፍቶ፣ ያ ሁሉ ቦርጭ ዲያፍራም በሚባለው የመተንፈሻ ጡንቻ ላይ ተጭኖ፣ የሰመመን ባለሙያው ሳንባውን ለማስተንፈስ ሲታገል አታዩም። ስለዚህ በሽተኛው በቀዶ ሕክምናው ጨርቅ ከመሸፈኑ በፊት አልጋውን ዘቅዝቃችሁ ሞክሩት፦ በሽተኛው ይንሸራተታል ወይ? የአየር መንገዱ ግፊት ስንት ደረሰ? አልጋውስ ክብደቱን ዘቅዝቆ ይሸከማል? ክንዶቹ ከተያያዙ በኋላ ሰውየው ቢንሸራተት ቀዳዳዎቹ ይቀደዳሉ። ኩላሊቱ ደም ሲያገኝ ደግሞ የሆዱን ግፊት ወደ 8 አካባቢ አውርዱት፤ ከፍ ያለ ግፊት አዲሱን ኩላሊት ደም ያሳጣዋል።

ሁለተኛው ጣጣ ሙቀት ነው። ከበረዶ የወጣ ኩላሊት ሆድ ውስጥ ሲገባ በ37 ዲግሪ መሞቅ ይጀምራል፣ ሁለቱ የደም ቧንቧ ስፌቶች ደግሞ አብረው 40 ደቂቃ ሊፈጁ ይችላሉ። በ2013 ደልሂ አጠገብ፣ በሜዳንታ ሆስፒታል፣ ከዲትሮይት ሐኪሞች ጋር የተዘጋጀው ዘዴ ይህን አስቦበታል፦ ኩላሊቱ በተፈጨ በረዶ በተሞላ ጎዝ ይጠቀለላል፣ ተጨማሪ በረዶ በሲሪንጅ ሆድ ውስጥ ይረጫል። ሲጠቀለል ለደም ቧንቧዎቹ መውጫ መስኮት ይተውለታል፣ የላይኛው ጫፍ ላይም የምልክት ክር ይታሰራል። ያ ክር ሲረሳ ኩላሊቱ ተገልብጦ ይገባል፣ ደም መላሹ ይጠመዘዛል፤ ስፌቱ የቱንም ያህል ቢያምር ኩላሊቱ ይጠቁራል። መጀመሪያ መላሹ፣ ቀጥሎ ወሳጁ ይሰፋል። ብዙዎች ቀጭኑን 6-0 የጎርቴክስ ክር የሚመርጡት ፕሮሊን የተባለው ክር በሮቦቱ መቆንጠጫ ሲያዝ ተጎድቶ ሊበጠስ ስለሚችል ነው።

መቆንጠጡን ካነሳሁ፦ በአብዛኞቹ ማሽኖች ላይ እጅ ምንም አይሰማውም። በክፍት ቀዶ ሕክምና ጣት ዳብሶ የሚያገኘውን የደነደነ የደም ቧንቧ ሮቦቱ ላይ በዓይን ብቻ አታውቁትም፤ ክላምፑ፣ ደሙን የሚያግደው መቆንጠጫ፣ ሲያርፍበት ይሰነጠቃል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት፣ ንጥረ ቀለም ወደ ደም ሥር ሳይሰጥ የሚነሳ ሲቲ ስካን የግድ ነው፤ ድንዳኔው ከበዛ ሮቦቱ ይቅር። ኩላሊቱ በፔሪቶኒየሙ ውስጥ ተንሳፎ እንዳይቀር በሽፋኑ ሸፍናችሁ ጎን ላይ አስሩት፤ ካልሆነ ይዞራል፣ በኋላ ለባዮፕሲ፣ ከኩላሊቱ ለምርመራ ቁራጭ ለመውሰድ፣ መርፌ ስታስገቡም አንጀት ከፊት ይቆማል።

ይህን ሁሉ ስል ማሽን አትናፍቁ ለማለት ፈልጌ ነበር። ያቺን ሴት ሳስብ ግን ምርጫው ቢኖር ከማንም በፊት ለእሷ የምፈልገው እሱን ነው። ሮቦቱ የሚያድነው ቁስሉን ብቻ መሆኑን ካወቃችሁ ይበቃኛል። ከንቅለ ተከላው በኋላ ስቴሮይዱ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፣ ስኳር በሽታ ይከተላል፣ ክብደት ይጨምራል። ጨጓራን በቀዶ ሕክምና ማሳነስ ለአንዳንዱ መፍትሔ ነው፤ አንጀትን የሚያዘዋውረው ዓይነት ግን ሽንት ውስጥ ጠጠር የሚሠራውን ኦክሳሌት ስለሚያበዛ አዲሱን ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል፣ የመድኃኒቱንም መመጠጥ ያዛባል።

እስከዚያው በሽተኛ ስትልኩ ወረቀቱን በደንብ ጻፉት። ከእጥበት በኋላ ያለውን ክብደት ያለ ልብስና ጫማ፣ ቁመቱን፣ የወገቡን ዙሪያ። በሽተኛውን አስቀምጣችሁ ቦርጩ ብሽሽቱን ይሸፍን አይሸፍን፣ ከሥሩ ያለው ቆዳ የቆሰለ መሆኑን እዩና ጻፉ። እግሩ ላይ የደም ቧንቧውን ትርታ ዳብሱ። ሆዱ ላይ ያሉትን ጠባሳዎች በስዕል አሳዩ፤ በሆዱ በኩል እጥበት ተደርጎለት ከነበረ ወይም ፔሪቶኒየሙ መግል ይዞ ከነበረ ዓመቱን ጨምሩ፤ ውስጡ ተጣብቆ ከሆነ የሮቦቱ ክንድም መግቢያ አያገኝም።