ለኒውክሌር ዶክትሬት የምታስቡ ልጆች፣ ሰሌዳ ፊት ማውራት ልመዱ

ሰሞኑን አንዲት የፊዚክስ ተመራቂ «ጋሼ፣ አሜሪካ በኒውክሌር ምህንድስና ፒኤችዲ ለመማር ምን ምን ያስፈልጋል? ማስተርስ ግድ ነው?» ብላ ጻፈችልኝ። ግድ አይደለም አልኳት። አሜሪካ ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ የሚቀበሉ ብዙ ናቸው፤ አውሮፓ ግን በአብዛኛው ማስተርስ ይጠይቃሉ። ከፊዚክስ፣ ከመካኒካል፣ ከኬሚካል፣ ከኤሌክትሪካልም መምጣት ይቻላል። ከገባችሁ በኋላ ኮርስ አለ፣ ኳሊፋየር የሚባል፣ ካላለፋችሁት ዶክትሬቱን የማያስቀጥል የጽሑፍና የቃል ፈተና አለ፣ የጥናት ፕሮፖዛል አለ፣ መጨረሻ ላይ ዲፌንስ፣ ማለትም ጥናታችሁን ፈታኞች ፊት ቆማችሁ ማስረዳት። ዝርዝሩ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ቢለያይም አካሄዱ ይኸው ነው። የእንግሊዝኛ ፈተናውንና የማመልከቻ ክፍያውን ድረ ገጻቸው ላይ አንብቡት።

መልሱን ከላክሁ በኋላ ግን አንድ የድሮ ጓደኛዬ ትዝ አለኝ።

አብረን ነው የገባነው። የኒውትሮን ትራንስፖርት (ኒውትሮን በቁስ ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ የሚሰላበት ትምህርት) የቤት ሥራ ሲከብደን ሁላችንም የምንሰበሰበው እሱ ክፍል ነበር። የኳሊፋየሩን የጽሑፍ ፈተና እንደ ቀልድ አለፈው። ያስቀረው የቃሉ ነው። ፈተናው ላይ ምን እንደሆነ የነገረኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፣ በስልክ።

ጥያቄው እንዲህ ነበር፦ በሙሉ ኃይል ሲሠራ የቆየ ሪአክተር (የኒውክሌር ማብላያ) ድንገት ቆመ፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ መልሰህ ልታስነሳው ስትል ምን ይገጥምሃል? የሚፈለገው መልስ ዜኖን-135 የሚባለው ጋዝ ነው። ይህ ነገር ሪአክተሩን የሚያስኬደውን ኒውትሮን እንደ ጉድ ነው የሚውጠው። በአብዛኛው የሚመጣው ከአዮዲን-135 ነው። ሪአክተሩ እየሠራ ሳለ ዜኖኑ ይፈጠራል፣ ኒውትሮኖቹም መልሰው ያጠፉታል። ሲቆም የሚያጠፋው ኒውትሮን አይኖርም፤ አዮዲኑ ግን ግማሹ በ6.6 ሰዓት ገደማ ወደ ዜኖን እየተለወጠ ይቀጥላል፣ ዜኖኑ በራሱ እስኪጎድል ደግሞ ግማሹ ብቻ 9 ሰዓት ይፈጅበታል። ስለዚህ ይከማቻል፤ ጫፍ የሚደርሰውም ከቆመ 11 ሰዓት ገደማ ላይ ነው። ዜኖኑን የሚያሸንፍበት በቂ ትርፍ አቅም የሌለው ሪአክተር ዜኖኑ እስኪወርድለት መጠበቅ ነው ዕጣው። በ1944 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ሃንፎርድ ላይ ቢ ሪአክተር የሚባለው ሲነሳ ኃይሉ በራሱ እየወረደ ቆሞ የፊዚክስ ሊቃውንቱን እነ ፌርሚንና ዊለርን ያስጨነቃቸው ይኸው ዜኖን ነው፤ ሪአክተሩን የሠሩት የዱፖን ኩባንያ መሐንዲሶች የፊዚክስ ሰዎቹ ካሉት በላይ የነዳጅ ቱቦ ባያዘጋጁ ኖሮ፣ ነዳጅ ጨምሮ ዜኖኑን ማሸነፍ ስለማይቻል፣ ነገሩ ይከፋ ነበር። ይህን ታሪክ እስከዛሬ እወደዋለሁ።

ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ያውቃል። ከፈተናው በፊት ለእኔ ያስረዳኝ እሱ ነው፤ ካፌ ቁጭ ብለን ሶፍት ላይ ኩርባውን እየሳለ። የዚያን ቀን ግን ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ የአዮዲኑንና የዜኖኑን እኩልታዎች ጽፎ መፍታት ጀመረ። አንዱ ፈታኝ «መጀመሪያ ላይ ዜኖኑ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?» አለው። ዝም። በሒሳብ ሳያረጋግጥ አፉን መክፈት አልፈለገም። ደግመው ጠየቁት። አንድ ደቂቃ ስጡኝ አለ። እኛ ቤት ትልቅ ሰው ፊት እርግጠኛ ያልሆኑበትን መናገር ድፍረት ነው፤ እንደዚያ ነው ያደግነው። እነሱ ደግሞ ዝምታውን አለማወቅ አደረጉት። ወደቀ።

ሁለተኛ ዕድል ነበረው። ለማንም ሳይናገር የማስተርስ ወረቀቱን ተቀብሎ ሄደ፤ እኛ ስንሰማ ክፍሉን ለቆ ነበር። ዛሬ በሌላ ሥራ ደህና ይኖራል፣ ልጆችም አሉት። እኔን ግን አሁንም ያንገበግበኛል። ያን ልጅ አንድ ሰው ሰሌዳ ፊት አቁሞ ጮክ ብለህ አስብ ቢለው ኖሮ ያልፍ ነበር። ፈታኝ እኮ ፍንጭ ይሰጣል፤ ግን የት ጋ እንደቆማችሁ ካልሰማ የቱን ፍንጭ ይስጣችሁ?

ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሦስት ሆናችሁ ሰሌዳ ፊት ቁሙ። «ይጨምራል ብዬ እገምታለሁ፣ ምክንያቱም…» ማለት ልመዱ። ነዳጁ ሲግል ሪአክቲቪቲ (የሰንሰለት ምላሹ የመጨመር ወይም የመቀነስ አዝማሚያ) ለምን ይወርዳል? የዘገዩ ኒውትሮኖች (አቶሙ ከተሰነጠቀ ቆይተው የሚወጡት) በዩራኒየም-235 ከመቶ አንድ እንኳ ሳይሞሉ ሪአክተሩን መቆጣጠር የሚያስችሉን እንዴት ነው? የዛሬ ልጆች ኮድ ስትጽፉ ፈጣን ናችሁ፤ ስልካችሁን አስቀምጡና ከመነሻው አስረዱ ስትባሉ ግን ትደናገራላችሁ። ደግሞ ከእኛ ይልቅ ደፋር ናችሁ፣ ይህን አልክድም። በዚያ ቀናሁባችሁ።

ስለ ውጤት ብዙ አትጨነቁ። የሒሳብ ውጤታችሁን ግን አጥብቀው ያዩታል፤ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ላይ ሲ ያለው ሰው ቢጨነቅ አልፈርድበትም።

ማንም የማይነግራችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ሙያ ፓስፖርት ያያል። እንደ ሎስ አላሞስና አይዳሆ ያሉ ብሔራዊ ላቦራቶሪዎች የውጭ ዜጋ ለማስገባት ቅድሚያ ፈቃድ ይጠይቃሉ። የኒውትሮንን ጉዞ የሚያሰላውን ኤምሲኤንፒን የመሰለ የስሌት ፕሮግራምም ለውጭ ዜጋ ፈቃዱ ሊጓተት፣ ሊከለከልም ይችላል። ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ተመሳሳይ ፕሮግራም ኦፕንኤምሲ ግን ለማንም ክፍት ነው፤ ዛሬውኑ ላፕቶፓችሁ ላይ ጫኑት። ከፕሮፌሰር ጋር ገና ስትጻጻፉ ይህ ጥናት የተከለከለ ኮድ ወይም ላቦራቶሪ ይፈልጋል ወይ፣ የስንት ዓመት ገንዘብስ አለው ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቁ ነውር አይደለም። ማመልከቻው በብዙ ቦታ የሚዘጋው ኅዳር መጨረሻና ታኅሣሥ ላይ ስለሆነ መጻፉን መስከረም ላይ ጀምሩ።