«አቤት» ያለ ሁሉ አልማዝ አይደለም

ነርስ ነኝ፤ ብዙ ዓመት ዋርድ ሠርቻለሁ። በሽተኛ ከበሽተኛ ስለመሳሳት ለጠየቃችሁኝ የማውቀውን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ነርሷ በመጣች ቁጥር ስሜን ትጠይቀኛለች። ካርዱ ላይ ተጽፎ የለም እንዴ?

መልስ፦ ተጽፏል። ግን የያዘችው ካርድ የእርስዎ መሆኑን በምን ታውቃለች? እኔን የምታስፈራኝስ «አልማዝ ነሽ አይደል?» ብላ የምታልፈዋ ናት። ነጭ ጋውን ለለበሰ ሰው «አይደለሁም» ማለት ብዙ ሰው ይከብደዋል።

አንድ ጠዋት ኢንሱሊን ይዤ ገባሁና «እማማ አልማዝ?» አልኩ። «አቤት ልጄ» ብለው ክንዳቸውን ዘረጉልኝ። የጎረቤት አልጋ አስታማሚ ባትጮህ ወግቼ ነበር። «ኧረ እሳቸው አስካለ ናቸው! አልማዝ ትናንት ማታ አልጋ ቀይረዋል።» ስኳር የሌለባቸው ሴትዮ! ለምን አቤት እንዳሉ ብጠይቃቸው «ጠራሽኝ እኮ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስም ጠርቼ አላውቅም። «ስምዎን ከነአያት ይንገሩኝ» ነው የምለው።

ጥያቄ፦ ስም ከነአያት ከተነገረ አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። መሐመድ አህመድ የሚባል ሰው በቀን ስንት ይመጣል? አንዳንድ እናቶች ደግሞ አንዴ የክርስትና ስማቸውን፣ አንዴ የዓለም ስማቸውን ይሰጣሉ። ኃይሉን አንዱ በሃሌታው ሀ፣ ሌላው በብዙኃኑ ኀ ሲጽፈው ኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ያደርገዋል። አዲስ ካርድ ይወጣና «ፔኒሲሊን አይስማማውም» የሚለው አሮጌው ላይ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. ያወጣው ምክር ቢያንስ ሁለት መለያ ይላል። የአልጋ ቁጥር አይቆጠርም። ለእኛ የሚያዋጣው ሙሉ ስምና የካርድ ቁጥር ነው። ዕድሜማ «ሃምሳ ይሆነኛል» ነው መልሱ።

ጥያቄ፦ አባቴ ደም ሊሰጠው ነው። ምኑን ልከታተል?

መልስ፦ ሁለት ቦታ ላይ ንቁ ይሁኑ። መጀመሪያ የደም ዓይነቱን ለመለየት ናሙና ሲቀዳ። ስሙ ቱቦው ላይ የሚጻፈው ደሙ ከተቀዳ በኋላ፣ እዚያው አልጋው አጠገብ ነው። የሦስት ሰው ቱቦ ኪስ ከቶ ሄዶ ጠረጴዛ ላይ መጻፍ አደጋ ነው። ቱቦው ውስጥ ያለው የሌላ ሰው ደም ከሆነ ላብራቶሪው ሥራውን በትክክል ሠርቶ ለአባትዎ የማይሆን ደም ይልካል። ቀጥሎ የደሙ ከረጢት ሲሰቀል። ሁለት ባለሙያ ስሙን፣ የካርድ ቁጥሩንና የደም ዓይነቱን ጮክ ብለው ያመሳክራሉ። አንድ ሰው ብቻውን ሊሰቅል ከመጣ «ሌላኛዋስ?» ቢሉ ነውር የለውም። በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ብርድ ብርድ ካለው፣ ወገቡን ካመመው ወይም ትንፋሽ ካጠረው ወዲያው ይጣሩ።

ጥያቄ፦ የጤና መድህን ካርዴን ለእህቴ ባውሳትስ?

መልስ፦ በፍጹም። የእሷ የደም ዓይነት በእርስዎ ስም ይመዘገባል።

ጥያቄ፦ ስም ያልወጣለት ሕፃንስ?

መልስ፦ «የትዕግስት ልጅ» ይባላል፤ ግን ትዕግስት የሚባሉ ሦስት እናቶች በአንድ ሌሊት ሊወልዱ ይችላሉ። ስለዚህ ከማዋለጃ ክፍል ሳይወጣ የእናቱ ሙሉ ስም፣ የካርድ ቁጥሯ፣ ጾታውና የተወለደበት ሰዓት ተጽፎ ይታሰርለታል። ሰዓቱ በሀበሻ ይሁን በፈረንጅ መለየት አለበት፤ ሌሊት 8 እና 2 አንድ ናቸው። ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለሚከሳ ማሰሪያው ሊወልቅ ይችላል። አልጋው ላይ ወድቆ ካገኙት ራስዎ አይሰሩለት፤ ነርስ ይጥሩ።