ለተደለደለ መንገድና ለኃይለኛ አነዳድ የሚሆን የስኖውሞቢል ሰስፔንሽን፦ ጥያቄና መልስ

በተደለደለ የበረዶ መንገድ ላይ ረጅም ጉዞ ከሚያደርጉና ጉብታ እየዘለሉ በኃይል ከሚነዱ ሰዎች የደረሱኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ። ለመግባባት ያህል፣ ስኖውሞቢል ከፊት በሁለት ስኪዎች (በበረዶ ላይ በሚንሸራተቱ ሳንቃዎች)፣ ከኋላ ደግሞ በሚሽከረከር የጎማ ሰንሰለት የሚሄድ የበረዶ መኪና ነው፤ ሰስፔንሽን የምለው የጉብታን ምት የሚያለዝቡትን ሞላዎችና አሞርቲዛተሮች ነው። በአብዛኞቹ ዘመናዊ ስኖውሞቢሎች ላይ ሁለቱን ስኪዎች የሚሸከሙ ሁለት አሞርቲዛተሮች ከፊት፣ ሌሎች ሁለት ደግሞ በጎማው ሰንሰለት ውስጥ ይገኛሉ። በሰንሰለቱ ውስጥ ካሉት ወደ ፊት ያለውን «የመሃል»፣ ወደ ኋላ ያለውን «የኋላ» እላለሁ።

ጥያቄ፦ አዲስ ልገዛ ነው። ለመንገድ የተሠራውንና ለኃይለኛ አነዳድ የተሠራውን የሚለየው ምንድን ነው? ጠንካራውን ወስዶ ማላላት አይሻልም?

መልስ፦ «ጠንካራ» የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን ስለሚያምታታ መጀመሪያ እንለያቸው። ሞላው ክብደትን ይሸከማል፤ አሞርቲዛተሩ ደግሞ በውስጡ ያለውን ዘይት በጠባብ ቀዳዳዎችና በስስ የብረት ቫልቮች በኩል እያሳለፈ እንቅስቃሴው ምን ያህል እንዲፈጥን ይወስናል። ለኃይለኛ አነዳድ የተሠራው ከሌላው የሚለየው ሞላው በመጠንከሩ ብቻ ሳይሆን፣ ይበልጡን አሞርቲዛተሩ ሰፊ አካልና ብዙ ጊዜም ተጨማሪ የዘይት ማጠራቀሚያ ስላለው ነው። በተከታታይ ጉብታዎች ላይ ለረጅም ጊዜ በፍጥነት ሲነዳ ዘይቱ ይግላል፤ ሲግል ይቀጥናል፤ ሲቀጥን ደግሞ የመግታት አቅሙ ይቀንሳል። ጠዋት ልክ የነበረው መኪና ከሰዓት በኋላ እንደ ጀልባ የሚዋዥቀው በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ ዘይት ያለው አሞርቲዛተር ይህን ድካም ያዘገያል።

ይሁን እንጂ በፍጥነት ለሚመጣ ትልቅ ምት የተቀመረ ቫልቭ በዝግታ ለሚመጣ ትንሽ ንዝረት በቀላሉ አይከፈትም፤ ስለዚህ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየተጓዙ የተቦረቦረ መንገድ ላይ ቢገቡ እያንዳንዱ ጉድጓድ ወደ እጅ አንጓና ወደ ወገብ ይደርሳል። ማላላትም የሚያስኬደው እስከተወሰነ ድረስ ነው፤ የማስተካከያው ቁልፍ የሚሠራው ፋብሪካው ባስቀመጠው የቫልቭ አሠራር ውስጥ ብቻ ነውና። የእኔ ምክር፣ አብዛኛው ጊዜዎ በተደለደለ መንገድ ላይ የሚያልፍ ከሆነ የመንገዱን ሞዴል ይግዙ፤ ግን ቢያንስ የኋላው አሞርቲዛተር ማስተካከያ ያለው ይሁን። ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚገዙት ለሚነዱት አነዳድ ሳይሆን በዓመት ሁለት ቀን ለሚመኙት አነዳድ ነው።

ጥያቄ፦ ክብደቴ ከነልብሴ 105 ኪሎ ነው። በትልልቅ ጉብታዎች ላይ የኋላው እስከ መጨረሻ ወርዶ ይመታል። ሞላውን እስከ መጨረሻው አጠበቅሁት፤ አሁንም ይመታል፣ በዚያ ላይ ደግሞ ይጎረብጠኛል።

መልስ፦ ይህንኑ ስሕተት እኔም ሙሉ ክረምት ተሸክሜው ኖሬአለሁ። ሞላን ማጥበቅ ሞላውን ጠንካራ አያደርገውም፤ አስቀድሞ ተጨምቆ እንዲጀምር ብቻ ያደርገዋል። ውጤቱም መኪናው ከፍ ብሎ ይቆማል፣ ለትንሹ ጉብታ አልንቀሳቀስም ይላል፣ ትልቁ ሲመጣ ግን የሞላው የጥንካሬ መጠን ያው የቀድሞው ስለሆነ እንደገና ይመታል።

መጀመሪያ ዝቅታውን ይለኩ። የኋላውን መከላከያ ይዘው ሰስፔንሽኑ ሙሉ በሙሉ እስኪዘረጋ ያንሱትና ከወለሉ እስከ መከላከያው ያለውን ቁመት ይመዝግቡ። ከዚያም ሙሉ ልብስዎንና የራስ ቁርዎን አድርገው ይቀመጡ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ታች ገፋ ገፋ አድርገው ሲረጋጋ ሌላ ሰው ያንኑ ቁመት ይለካልዎት። ልዩነቱ ዝቅታዎ ነው። በአንዳንድ የመንገድ ሞዴሎች መመሪያ ላይ ከ50 እስከ 75 ሚሊሜትር እንደ ትክክለኛ ይቆጠራል፤ የእርስዎ መኪና መመሪያ ሌላ ቁጥር ከሰጠ እሱን ይከተሉ። ትክክለኛውን ዝቅታ ለማግኘት ማስተካከያውን እስከ ጥጉ መውሰድ ግድ ካለብዎ ለክብደትዎ የሚሆን ጠንካራ ሞላ መቀየር እንጂ ሌላ መፍትሔ የለም፤ ዋጋውም ከአዲስ አሞርቲዛተር እጅግ ያነሰ ነው። ዝቅታው ልክ ሆኖ አልፎ አልፎ ብቻ የሚመታ ከሆነ ግን ጥፋቱ የሞላው አይደለም፤ ኮምፕሬሽኑን (አሞርቲዛተሩ ሲጨመቅ የሚያሳየውን ተቃውሞ) በማስተካከያው ቁልፍ አንድ ሁለት ጠቅታ ይጨምሩ። በቀን አንድ ጊዜ ቢመታ ደግሞ አይደንግጡ፤ ጨርሶ የማይመታ ሰስፔንሽን የተሰጠውን የጉዞ ርዝመት አልተጠቀመበትም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ጉብታዎች በምቾት አልፋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን እየባሰበት ሄዶ በመጨረሻ የድንጋይ ያህል ይደርቃል። ኮምፕሬሽኑን ባላላውም አልተሻለውም።

መልስ፦ ምልክቱ የሚያመለክተው ወደ ኮምፕሬሽን ሳይሆን ወደ ሪባውንድ ነው። ሪባውንድ የሚባለው አሞርቲዛተሩ ከተጨመቀ በኋላ ተመልሶ የሚዘረጋበት ፍጥነት ነው። መመለሱ እጅግ ከዘገየ ቀጣዩ ጉብታ ሲመጣ ገና ተዘርግቶ አልጨረሰም፤ ከእያንዳንዱ ጉብታ በኋላ ጥቂት ጥቂት እየወረደ ሄዶ በመጨረሻ የቀረው ጉዞ ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ይሆናል። በአሞርቲዛተሩ ዘንግ ላይ ስስ የጎማ ቀለበት ያስገቡና ወደ አካሉ ገፍተው ያስጠጉት። አንድ ነጠላ ጉብታ ብቻ አልፈው ቀለበቱ የደረሰበትን ይዩ፤ መልሰው ያስጠጉትና በተከታታይ አሥር ጉብታዎችን አልፈው እንደገና ይዩት። ጉብታዎቹ ተመሳሳይ ሆነው ሳለ በሁለተኛው ጊዜ ቀለበቱ እጅግ ርቆ ከተገኘ ሪባውንዱን በሁለት ጠቅታ ያፍጥኑት። ከልክ በላይ ሲፈጥን ደግሞ መቀመጫው ወደ ላይ ይወረውርዎታል፤ ያን ጊዜ አንድ ጠቅታ ይመልሱ። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር አይነካኩ፤ የቱ እንደጠቀመ አያውቁትምና።

ጥያቄ፦ በአሞርቲዛተሬ ላይ «ፈጣን» እና «ዝግተኛ» የሚሉ ሁለት የኮምፕሬሽን ቁልፎች አሉ። በፍጥነት ስነዳ የመጀመሪያውን፣ በዝግታ ስነዳ ሁለተኛውን ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ፍጥነቱ የመኪናው ሳይሆን የአሞርቲዛተሩ ዘንግ ነው። ዝግተኛው ፍሬን ሲይዙ፣ ጋዝ ሲሰጡና ሲታጠፉ የሚፈጠረውን ማዘንበል ይቆጣጠራል፤ ፈጣኑ ስለታም ምትንና ከዝላይ በኋላ ማረፍን ይመለከታል።

ጥያቄ፦ ኩርባ ላይ መሪውን ባዞርም ስኪዎቹ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ፤ ጋዝ ስሰጥ ደግሞ ከበረዶው ይነሣሉ። ምኑን ልንካ?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ከስኪው ሥር ያለውን የካርባይድ ስለት በጣትዎ ይዳስሱት። ጠርዙ ተበልቶ ከዶለዶመ የትኛውም የሰስፔንሽን ማስተካከያ አያድነውም፤ ብዙ ሰው ይህን ሳያይ ነው ቁልፍ የሚያነሣው።

ስለቱ ደህና ከሆነ ወደ መሃሉ ይሂዱ። የሰንሰለቱን ፊት ወደ ታች እንዳይዘረጋ የሚገታ ጠንካራ ቀበቶ አለ፤ እሱን በአንድ ቀዳዳ ሲያሳጥሩት ክብደት ወደ ስኪዎቹ ይሄዳል፣ ጋዝ ሲሰጡም ፊቱ ብዙ አይነሣም። የመሃሉን ሞላ ጥቂት ማላላትም ወደዚያው አቅጣጫ ይሠራል። ማያያዣ ብሎክ (በሰንሰለቱ ውስጥ ያሉትን የፊትና የኋላ ክንዶች የሚያገናኝ ቁራጭ) ያለው መኪና ከሆነ፣ ብሎኩን ወደ ጥብቁ አቅጣጫ ማዞር የፊቱና የኋላው ክንድ አብረው እንዲንቀሳቀሱ ስለሚያስገድድ ሲፈጥኑ ወደ ኋላ የሚሸሸውን ክብደት ይቀንሳል። ሁሉም ግን የየራሱ ዋጋ አለው፤ የስኪ ጫና ሲበዛ መሪው ይከብዳል፣ መኪናውም ሌሎች በቀደዱት ቦይ ውስጥ እየገባ ግራና ቀኝ ይላል። ለመንገድ አንድ ቀዳዳ ያህል ማሳጠር ተገቢ ነው። በኃይል ለሚነዳና ከጉብታ ጫፍ ላይ ፊቱን በጋዝ ማንሣት ለሚፈልግ ግን ቀበቶው ረዘም ቢል ይሻለዋል። ቀበቶውን ከነኩ በኋላ የሰንሰለቱን ውጥረት መፈተሽ እንዳይረሱ።

ጥያቄ፦ የአየር አሞርቲዛተር ወይስ ባለ ሞላ?

መልስ፦ አየሩ ቀላል ነው፣ ሞላ ሳይቀይሩ በትንሽ ፓምፕ ብቻ ለክብደትዎ ያስተካክሉታል፣ ወደ መጨረሻው ሲጨመቅም እየጠነከረ ስለሚሄድ ከዝላይ በኋላ ይረዳል። ነገር ግን የሙቀት ለውጥ ይቀያይረዋል። 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ጋራዥ ውስጥ 60 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) የሞሉት አሞርቲዛተር ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ወዳለበት ውጭ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ወደ 50 ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ መኪናው ውጭ አድሮ ከቀዘቀዘ በኋላ ይለኩት። ባለ ሞላው ይህ ችግር የለበትም፤ ለትንንሽ ንዝረትም አብዛኛውን ጊዜ ለስላሳ ነው። ለመንገድ ባለ ሞላውን እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ የሰንሰለት ርዝመትስ ለውጥ ያመጣል? 129 ኢንችና 137 ኢንች መካከል እያመነታሁ ነው።

መልስ፦ አዎን፣ ምናልባትም ከአሞርቲዛተሩ ያላነሰ። ረጅሙ በሁለት ጉብታዎች ጫፍ ላይ እንደ ድልድይ ስለሚዘረጋ ወደ መሃላቸው አይገባም፤ አጭሩ ግን ኩርባ ላይ በቀላሉ ይታጠፋል። ጉብታ ለበዛበት መንገድ 137ቱን ይውሰዱ።

ጥያቄ፦ አሞርቲዛተሮቼ ማለቃቸውን በምን ላውቅ? 4,000 ኪሎ ሜትር ነድቻለሁ፣ ዘይት ሲያንጠባጥቡ ግን አላየሁም።

መልስ፦ ዘይት እስኪታይ አይጠብቁ። ዘይቱ ሳይፈስም ያረጃል፣ ይጠቁራል፣ ከብረት ብናኝ ጋር ይቀላቀላል፤ ስለዚህ ተፈትተው የሚታደሱ ዓይነት ከሆኑ በየ3,000 ኪሎ ሜትሩ ገደማ ወይም በየክረምቱ መጨረሻ ዘይታቸውንና የጎማ ማሸጊያቸውን ማስቀየር ተገቢ ነው። ባለ ሞላ ከሆነ ሞላውን አውጥተው ዘንጉን በእጅዎ እስከ መጨረሻ ይግፉትና ይልቀቁት፤ ጤነኛ ከሆነ በእኩል ፍጥነት፣ ሳይዘልና ሳይቆራረጥ ይመለሳል። በመሃል ላይ ያለ ተቃውሞ እልም ብሎ የሚገባበት ቦታ ካገኙ፣ ወይም ዘንጉ ላይ ጥፍርዎን ሲያስኬዱ የሚይዝ ጭረት ካለ፣ ቁልፎቹን ማዞርዎን ትተው አሞርቲዛተሩን ፈትተው ወደ ባለሙያ ይላኩት።